«ማን አሳደረሽ?» ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለውድ አባቴ
መንዝ፣ መሐል ሜዳ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በደህና ሄጄ በደህና ተመልሻለሁ፤ ይህንንም የምጽፍልዎ ደብረ ብርሃን ከቤቴ ሆኜ ነው። ፊደሉን አጉልቼ ጽፌዋለሁ፤ ዓይንዎ ከደከመብዎ ግን የእህቴ ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ። በስልክ የጀመርነው ነገር ሳያልቅ ስለ ቀረ እስከ መጨረሻው እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ።

ከናይሮቢ የደወልኩልዎ ዕለት ሌላው ሁሉ ቀርቶ በቅድሚያ የጠየቁኝ «ማን አሳደረሽ?» ብለው ነበር። እኔም «ሆቴል ነው የማድረው፤ እየከፈልኩ» ስልዎ ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያስ ሰው አላገኘሽማ!» አሉኝ። መስመሩ ተቋረጠ፤ ንግግርዎ ግን እስክመለስ ድረስ ከጆሮዬ አልጠፋም። እርስዎ በወጣትነትዎ ደብረ ሊባኖስን ለመሳለም ከመንዝ በእግር ሲጓዙ፣ ሲመሽብዎ ከማያውቁት ሰው ደጅ ቆመው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ማለት ብቻ ይበቃዎ እንደ ነበር፣ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ እግርዎን አሳጥቦ፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፎ፣ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ እንደሚያበላዎ ስንት ጊዜ ነግረውናል። የመንገዱን ተራራና ወንዝ ረስተው እንኳ ያሳደሩዎን ሰዎች ስም እስከ ዛሬ ይቆጥሩልናል። ያን ዕለት የሰጠሁዎ መልስ ለእንዲህ ያለ ሰው የማይገባ፣ አጭርም ጎዶሎም መልስ ነበር።

እኔ የሄድኩት እንደሚያውቁት በመምህር ደመወዝ ነው። አውሮፕላን የማይታሰብ ስለ ነበር በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጌ በአውቶቡስ ሞያሌ ገባሁ፤ ስንቄም እናቴ ያዘጋጀችልኝ የገብስ በሶ ነበር። ድንበሩን በእግሬ ተሻግሬ ኬንያ ስገባ መኪናው ሁሉ በግራ በኩል ይሄዳል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ስለ ከለከለች ፈታሹ በሶዬን ወደ ነጠላዬ አስገልብጦ ፌስታሉን ወሰደው፤ እኔም ከዚያ በኋላ ስንቄን እንደ እርስዎ ዘመን መንገደኛ በጨርቅ ቋጥሬ ተጓዝኩ።

ናይሮቢ ያደርኩበት ቤት ሆስቴል የሚሉት የመንገደኞች ማደሪያ ሲሆን፣ በሴቶቹ ክፍል ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ 8 አልጋዎች ነበሩ፤ ዋጋው የሚቀንሰውም እንዲህ ከማይተዋወቁ ሰዎች ጋር ስለሚያድሩ ነው። የከበደኝ አልጋው አልነበረም። ወጥ ቤቱ የጋራ ነው፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ወተት፣ እንቁላልና ዳቦ ግን በያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፎበታል። ሰዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲበሉ አንዱ ለሌላው «እንብላ» አይልም፤ ያልተባለውም ሰው ቅር ሲለው አይታይም። እኔ ለብቻዬ መብላት ስላልሆነልኝ በሶዬን በውሃና በጨው ለውሼ ጭብጦውን ክፍል ውስጥ ላሉት ሁሉ አዳረስኩ። ከመካከላቸው አንዲት ከጀርመን የመጣች ልጅ ወደድኩት ብላ ከበላች በኋላ የድርሻዋ ስንት እንደ ሆነ ጠይቃ ገንዘብ ልትሰጠኝ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች።

አባቴ፣ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ቅያሜ አልደብቅዎትም። ቤት ድረስ የመጣ ሰው የበላበትን ሒሳብ ቢጠይቅዎ ምን ሊሰማዎ እንደሚችል ያስቡት። ልጅቷም ፊቴ መለወጡን አይታ ሊሆን ይችላል፣ በእነርሱ ዘንድ በሰው ላይ ሸክም አለመሆን ከልጅነት ጀምሮ የሚማሩት ነገር እንደ ሆነና፣ ልትከፍል ያሰበችው እኔ ያለኝ ገንዘብ ጥቂት መሆኑን ስላየች እንደ ሆነ አስረዳችኝ። ይህን ሰምቼም ቢሆን ልቤ ወዲያው አልተፈታም። በማግስቱ ሌሊት ግን ወደ አውቶቡሱ መነሻ ስሄድ፣ ሳልጠይቃት ከእንቅልፏ ተነስታ ጓዜን ተሸክማ ሸኘችኝ፤ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስም በብርድ ቆማ ጠበቀች። አብሮ መብላት ሳይሆንላት መሸኘት እንዴት እንዲህ እንደ ሆነላት እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

ወቅቱ ፍልሰታ ስለ ነበር ምግቡም አስጨንቆኝ ነበር፤ ምግብ ቤት ገብቼ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አልበላም ስል አስተናጋጆቹ ታመሽ እንደ ሆነ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ደግነቱ ኬንያ ውስጥ እጅግ ርካሹ ምግብ ለእኛ ጾም የተመቸ ሆኖ አገኘሁት። ጊዘሪ የሚሉት የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ነው። ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ደግሞ ጎመን ሲሆን የስሙ ትርጉም «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው፤ እርስዎ «ጎመን በጤና» ሲሉ የሚያስቡትን እነርሱ በዚህ ስም ነው ያኖሩት። ኡጋሊ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ የቅቤና የበርበሬ ጉድጓድ የለውም፣ ከእኛ ገንፎም ይጠነክራል፤ በቀኝ እጅ እየጠቀለሉ ይበሉታል። የምበላባቸው ቤቶች ሁሉ ግን ለያንዳንዱ ሰው በየሳህኑ ነበር የሚያቀርቡት፤ መሶብ ከብቦ መብላትና ጉርሻ በጣም ናፈቁኝ።

ሌሊቱን አውቶቡስ ውስጥ ካሳለፍኩ የአልጋ ኪራይ ይተርፈኛል ብዬ ወደ ሞምባሳ በሌሊት ሄድኩ። አባቴ፣ ሞምባሳን እርስዎ ቢያዩት ምንኛ በወደድኩ! የአሮጌው ከተማ ሰው አብዛኛው እስላም ነው፣ ባሕሩ ሞቃት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴን ባና ተከናንቦ ለሚያሳልፍ የመንዝ ሰው ሁሉ ነገሩ እንግዳ ነው፤ ሆኖም ከናይሮቢ ይልቅ ወደ ቤቴ የቀረብኩ የመሰለኝ እዚያ ነው። በአሮጌው ከተማ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ በራቸው ላይ ባራዛ የሚባል የድንጋይ መደብ አላቸው፤ እንግዳ የሚቀበሉትም ጎረቤት የሚጫወተውም እዚያ ነው። ቡና ሻጩ በከሰል የሚሞቅ የነሐስ ጀበና ይዞ ይመጣና መራራውን ቡና እጀታ በሌለው ትንሽ ስኒ ይቀዳል። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ስለ ንጋቱ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ ተራ በተራ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ልጅ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ሰውን «ሺካሞ» ብሎ ይጀምራል፣ ትልቁም «ማራሃባ» ብሎ ይቀበለዋል። ቃሉ «እግርዎን ይዣለሁ» ከሚል ሐረግ የመጣ እንደ ሆነ ብዙዎች ይናገራሉ። ይህን ስሰማ ከደብረ ብርሃን ስመጣ የምስመው የእርስዎ ጉልበት ትዝ አለኝ፤ በዚያች ቀን ያገኘሁትን ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ እያልኩ ሰላም አልኩ።

ሰዓታቸውም እንደ እኛው ነው። ናይሮቢ ውስጥ በእንግሊዝኛ ከሚነግሩኝ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ስድስት መቀነስ ነበረብኝ፤ በስዋሂሊ ግን ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው አንደኛው ሰዓት «ሳ ሞጃ» ነው፣ አንድ ሰዓት ማለት። ቁጥሩ ደግሞ፣ ግዕዝ ለሚያውቁት ለእርስዎ ይህን መጻፍ ደስ ይለኛል፣ ከፊሉን ከዓረብኛ የወረሱት ስለ ሆነ ከእኛው ጋር የሚዛመድ ብዙ አለበት፦ አርባን አሮባይኒ፣ ሃምሳን ሃምሲኒ፣ ሰባን ሳቢኒ፣ ሰማንያን ቴማኒኒ ይላሉ። ኤልፉ ሲሉ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ የእኛ እልፍ 10,000 ነው፣ የእነርሱ ግን 1,000 ብቻ ነው። ገበያ ላይ ዋጋ ስጠይቅ በዚህ ብዙ ተጠቅሜያለሁ። ጾሜንም የተረዱኝ ያለ ማብራሪያ ነው፤ ጾምን ሳውሙ ይሉታል፣ ስለዚህ ጾመኛ መሆኔን እንደ ተናገርኩ ሌላ ጥያቄ አላስከተሉም።

የእንግዳ ነገርም አላቸው። አንድ ሽማግሌ ባራዛው ላይ ቡና ጋብዘውኝ ስለ እንግዳ የሚባል ምሳሌ ነገሩኝ፦ «ምጌኒ ሲኩ ምቢሊ፣ ሲኩ ያ ታቱ ምፔ ጄምቤ»፤ እንግዳ ለሁለት ቀን ነው፣ በሦስተኛው ቀን ዶማ ስጠው ማለት ነው። እኛ እንግዳን መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ በኋላ ብረት ነው እንላለን፤ ለእኔ ግን የእነርሱ ይሻላል። የእኛው እንግዳው እንዴት እንደሚረክስ ሲናገር፣ የእነርሱ ዶማ ሰጥቶ ከቤተሰቡ ጋር እርሻ ያወርደዋል።

አሁን ወደ ደበቅኩዎ ነገር ልምጣ። ሆቴል አድራለሁ ያልኩዎ እውነት ነው፤ አንዲት ሌሊት ግን ሆቴል አላደርኩም። ከሞያሌ በተነሳንበት ዕለት፣ ማርሳቢት ሳንደርስ፣ ዲዳ ገልገሉ በሚባለው ጥቁር ድንጋይ በሞላበት በረሃ ላይ አውቶቡሳችን ተበላሽቶ መሸብን። ከጎኔ የተቀመጠችው የሞያሌ ነጋዴ አማርኛም ኦሮምኛም የምትናገር ሴት ስለ ነበረች እጄን ይዛ ከመንገዱ ብዙም ወደማይርቅ፣ ገብራ ወደሚባሉት ግመል አርቢዎች ሠፈር ወሰደችኝ፤ ከዚያም አንዲት እናት ወደ ቤታቸው አስገቡን። ቤቱ በተጠማዘዘ እንጨት ላይ ምንጣፍና ቆዳ የተጣለበት፣ ሴቶች የሚሠሩት፣ ሠፈር ሲለቀቅም ፈርሶ በግመል የሚጫን ነው። ሳንቀመጥ በፊት፣ ስማችንን እንኳ ሳይጠይቁ፣ በጭስ በታጠነ ዕቃ ወተት አቀረቡልኝ። የግመል ወተት ነበር።

አባቴ፣ በእኔ ላይ ሁለት ነገር ባንዴ ነው የመጣው፤ ቀኑ ፍልሰታ ነው፣ ፍስክ ቢሆን ኖሮም የግመል ነው። ሆኖም ጠላዎን ሳይቀምስ ስለ ሄደ እንግዳ ስንት ቀን እንዳዘኑ ስለማውቅ፣ ለከብት አርቢ ወተት ምን እንደ ሆነም ስለሚገባኝ፣ ዕቃውን በሁለት እጄ እንደ ያዝኩ ልጠጣም ልመልስም አልቻልኩም። ነጋዴዋ ነገሩን ተረድታ «ሶማ» አለችልኝ፤ ጾም ማለቷ ነው። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተፈታ። ወተቱን ለነጋዴዋ ሰጥተው፣ በበረሃው ውስጥ ርቆ ከሚቀዳ ውሃ ሻይ ያለ ወተት አፍልተው አቀረቡልኝ፤ የሚተኙበትን ምንጣፍ ለእኛ ለቀው እርሳቸው በሩ አጠገብ ተኙ።

ጠዋት አውቶቡሱ ሲጠገን 300 ሽልንግ ብሰጣቸው እጃቸውን ወደ ኋላቸው አደረጉ። ደረቴ ላይ የቀረው ኃፍረት ያ ነው፤ ለካስ የጀርመኗ ልጅ ናይሮቢ ላይ ያደረገችብኝን ነገር እኔ አስቀድሜ በበረሃ አድርጌው ነበር። ነጋዴዋ እዚህ የሚተወው ሻይ ቅጠልና ስኳር ነው አለችኝ፤ ሁለቱም አልነበረኝም። ስለዚህ ከእናቴ በሶ እኩሌታውን ሰጠኋቸው። በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው የምን እህል እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ አባቴ ያረሰው ገብስ ነው አልኳቸው። ይህን ሲሰሙ ስለ እርስዎ ብዙ ጠየቁኝ፤ በሕይወት እንዳሉ፣ ስንት በግ እንዳለዎ፣ አገርዎ ዝናብ ያገኝ እንደ ሆነ። በግ እንጂ ግመል እንደሌለን ስነግራቸው አዘኑልን።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩዎ ልጄ በረሃ አደረች ብለው እንዳይጨነቁ ነው፤ ነገር ግን እንዳይጨነቁ ስል የሰውን ውለታ ደበቅኩ። እንግዲህ አባቴ፣ ያሳደሩኝ እርሳቸው ናቸው። ሰላምታቸው «ናጋ» ነው፤ ሰላም ማለት ነው፣ መላሹም «ናጋ» ብሎ ይመልሳል። ስንለያይ እጄን ይዘው ይህንኑ ቃል ለአባትሽ አድርሺልኝ ብለውኛል። ይኸው አድርሻለሁ።

ለእናቴ፣ ለወንድሞቼና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
ልጅዎ
ደብረ ብርሃን፣ ጳጉሜን 2 ቀን