የአባትህን ማንጎዎች አትቁረጣቸው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ለአባትህ ለቅሶ ከደረስኩ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ ቀረሁ፤ ይቅር በለኝ። ዛሬ የሚያስጽፈኝ ከሐርቡ የደረሰኝ ወሬ ነው። የእሳቸውን ማንጎዎች ቆርጠህ ጫት ልትተክል ነው አሉኝ። አበባው ይረግፋል፣ የተረፈውም ፍሬ ደቃቃ ነው ብለህ ተስፋ ቆርጠሃል አሉ።

እዚህ መርሳ ያሉት የእኔ ዛፎችም እንዲሁ ነበሩ። አዲሱ ቅጠል ጠብቦና ተኮማትሮ፣ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ገርጥቶ ይወጣል። በሽታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዚንክ የሚባለውን ንጥረ ነገር ተርበዋል። ኖራ የበዛበት አፈር ዚንኩን አስሮ ስለሚያስቀር መሬት ላይ ብትበትነው ሥሩ ብዙም አያገኘውም፤ በቅጠል በኩል ግን ይቀበለዋል። ቦሮን የሚባለው ሌላው ንጥረ ነገር ሲያንስ ደግሞ የወንዴው ብናኝ በአበባው ውስጥ በደንብ አያድግም፣ ፍሬም አይቋጠርም። ማንጎ ድሮውንም ከሺህ አበባ ለፍሬ የሚያበቃው ጥቂቱን ስለሆነ መርገፉ ሁሉ አያስደንግጥህ።

በጀርባ በሚታዘለው 15 ሊትር መርጫ 75 ግራም ዚንክ ሰልፌትና ለቦሮኑ 30 ግራም ቦሪክ አሲድ አደርጋለሁ። ቦሪክ አሲዱን አስቀድሜ ለብ ባለ ውኃ አሟሟዋለሁ። በሚዛን መዝን እንጂ በእፍኝ አትገምት፤ ቦሮን ከልኩ ሲያልፍ ዛፉን ይመርዛል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ገምቼ፣ ያውም በቀትር ረጭቼ፣ የቅጠሉ ጠርዝ እሳት እንደ ላሰው ተቃጥሎ አልቅሻለሁ። ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ነፋስ በሌለበት፣ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር አርጥበው። አንዱን እምቡጡ ሲያብጥ፣ ሁለተኛውን ፍሬው ሽምብራ ሲያክል እረጫለሁ። አበባው በፈነዳበት ሰሞን ግን አትርጭ፤ ለንቡና ለዝንቡ ተውላቸው፤ ፍሬ የሚያስቋጥሩት እነሱ ናቸው።

ፍሬው እንቁላል ሲያክል ካልሲየም ናይትሬት የሚባለውን ማዳበሪያ ለብቻው እረጭለታለሁ፤ ሥጋው ጠንከር እንዲልና የደሴን መንገድ እንዲችል ነው። ከዚንክ ሰልፌቱ ጋር እንዳትቀላቅለው፤ ጄሶ ሆኖ የመርጫውን አፍ ይደፍነዋል።

ርጭቱ መክሰስ ነው፤ ፍግና ውኃ ካጣ ዛፉ አይጠግብም። ደግሞም ማንጎ አንድ ዓመት አብዝቶ ሰጥቶ በሚቀጥለው ስለሚያርፍ በአንድ ምርት አትፍረድ። እኔ ሦስት ዛፎች ሳልረጭ ትቼ ነው ያወዳደርኩት። ልዩነቱን ከእኔ በፊት ያየው ፍሬ ሊገዛ የመጣው ነጋዴ ነው፤ ጣቱን ወደ ተረጩት ዘርግቶ «ከእነዚህ ስጠኝ» አለኝ።

አባትህ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከቁርኣን ቤት ስንመለስ ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አስቀምጠው ለእኔም ለአንተም እኩል ያካፍሉን ነበር። ቢያንስ እሱን ሳላየው እንዳትነካው። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ሚዛኑንም መርጫውንም ይዤ ነው የምመጣው። ከዛፎቹ ቅጠል ቆርጠን እናያለን፣ ካልገባንም ስመለስ ለሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች አሳያለሁ። እስከዚያው መጥረቢያውን አቆየው።

ወንድምህ፣ ከመርሳ