ለአባዬ፣ ስለ ኖቫዋ ካምቢዮ

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኦሃዮ ላይ ብርዱ ገና አለቀቀንም።

ስለ ኖቫዋ፣ ስለ አሮጌዋ ሼቭሮሌት መኪናህ፣ በስልክ ስናወራ ቶሎ ሆድ ይብስሃል። እኔም ድምፅህን ስሰማ የያዝኩት ሐሳብ ይጠፋብኛል። ስለዚህ በጽሑፍ አደረግኩት፤ ቀስ ብለህ አንብበው።

እማዬ ሁሉንም ነግራኛለች። ከጆርጂያ አቬኑ መጨናነቅ ስትመለስ ግራ ጉልበትህን ይዘህ ደረጃው ላይ እንደምትቀመጥ፣ ሐኪሙም ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ስትቀይር በግራ እግርህ የምትረግጠውን ፔዳል፣ መርገጥ ተው እንዳለህ ሰምቻለሁ። መኪናዋን ልትሸጣት እያሰብክ እንደሆነም ነገረችኝ። አባዬ፣ እባክህ አትሽጣት። ጉልበትህ የከለከለህ ፍሪሲዮን መርገጥን እንጂ መንዳትን አይደለም። ፍሪሲዮኑን እናውጣውና አውቶማቲክ ካምቢዮ እንግጠምላት።

“አውቶማቲክ መንዳት አይባልም” እንደምትለኝ አውቃለሁ። ግን ታክሲ በነዳህባቸው ዓመታት ሁሉ የያዝከው አውቶማቲክ ነበር። እኛን ያሳደግከን በእሱ ነው፤ አነዳድህ የተበላሸበትን ቀን አላየሁም። ኖቫዋ ከሥራ በኋላ ያንተ ብቻ የነበረች መኪና ስለሆነች፣ ማርሿን በእጅህ ማስገባቱ ለአንተ ሌላ ነገር እንደሆነ ይገባኛል። ያን አቅልዬ አይደለም የምጽፍልህ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሞተሯ አይነካም። ያው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 250 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር፣ ያው አንድ አፍ ያለው ካርቡራተር፣ ያው ጠዋት ሲነሳ የምትወደው ድምፅ ይቀጥላል። ደግሞም እንግዳ ነገር አይደለም የምናደርገው። ፋብሪካው ራሱ የ1972 ኖቫን በዚህ ሞተር፣ በእጅ ማርሽም በአውቶማቲክም ሸጧታል። ሼቭሮሌት እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ያወጣቸው ባለ ስድስቶች፣ የአንተን 250 ጨምሮ፣ ካምቢዮ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳቸው ከትንሹ ቪ8 ሞተር ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ለቪ8 የተሠራ አውቶማቲክ ሳይቆረጥ ሳይበየድ ይገጥማል። ከዚያ በፊት የነበሩት 216 ወይም 235 ሞተሮች ቢሆኑ ኖሮ አዳፕተር (ማገናኛ) መፈለግ ግድ ነበር።

ሦስት ዓይነት ካምቢዮ አመዛዝኛለሁ። ፓወርግላይድ ጠንካራ ነው፣ ግን ሁለት ማርሽ ብቻ ነው ያለው። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያጓራ ትሰማለህ፤ አትወደውም። በ1982 የመጣው 700አር4 አራት ማርሽ አለው፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ነዳጅ ይቆጥባል። ችግሩ ከካርቡራተሩ ጋር የሚያገናኘው ኬብል ነው። ልኩ ትንሽ ከተዛባ የዘይት ግፊቱ ይወርድና ውስጡ ያሉት ክላቾች፣ ማርሹን የሚይዙት ሰሌዳዎች፣ ይቃጠላሉ። በአንተ አሮጌ ካርቡራተር ላይ ያን ኬብል በልኩ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። እኔ ደግሞ ሩቅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ትቼብህ መሄድ አልፈልግም።

የመረጥኩት ቲኤች 350 ነው። በ1969 የወጣ ባለ ሦስት ማርሽ ነው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አያውቅም፣ መለዋወጫውም ዛሬ ድረስ ሞልቷል። የሞተሩን ጭነት የሚያውቀው ከማኒፎልዱ፣ አየርና ነዳጅ ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያስገባው ክፍል፣ በሚመጣ ቀጭን የቫኪዩም (የአየር መሳቢያ) ቱቦ ነው። ሦስተኛው ማርሽ ልክ እንደ አሁኑ ሦስተኛህ አንድ ለአንድ ስለሆነ፣ በፍጥነት መንገድ ላይ የሞተሩ ዙር አሁን ከምታውቀው ብዙም አይለይም። አንተም እኮ የምትነዳት በብዛት ሰፈር ውስጥ ነው። በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ የምትወጣበት ስካይላይን ድራይቭም ቢሆን የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል ነው። አራተኛ ማርሽ እዚያ ምን ይሠራል?

በሥራው ውስጥ እኔ ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅበትን ቦታ ልንገርህ፤ አንተ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለህ። ቮላኖው፣ ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባዱ ብረት፣ ወጥቶ በምትኩ ፍሌክስፕሌት የሚባል ቀጭን የብረት ሳህን በስድስት ብሎን ይታሰራል። ከኮሎው፣ ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ የነሐስ ቡሺንግ (ቀለበት) መውጣት አለባት፤ አለበለዚያ ኮንቨርተሩ፣ በፍሪሲዮኑ ቦታ ጉልበቱን ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው፣ ቦታውን ላይይዝ ይችላል። ከዚያ ኮንቨርተሩን እያዞርክ ወደ ካምቢዮው ትገፋዋለህ። መጀመሪያ ጠቅ ብሎ ይገባል፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ “በቃ ገባ” ብሎ ያቆማል። አሁንም እያዞርክ ስትገፋ እንደገና ይሰምጣል፣ በመጨረሻ የዘይት ፓምፑን ይይዛል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ተገጣጥሞ ሲያልቅ ኮንቨርተሩ በእጅ በነፃ መዞር አለበት፤ በእሱና በፍሌክስፕሌቱ መካከልም 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት መቅረት አለበት። ክፍተት ከሌለ በብሎን ስቦ ማስገባት የለም፤ ፓምፑ ይሰበራል። እዚህ ጋራዥ እንዲህ ተሰብሮ የመጣ ካምቢዮ አይቻለሁ፤ ገና አንድ ማይል እንኳ አልተነዳም ነበር።

የምታጣውንም አልደብቅህም። ኮንቨርተሩ ውስጥ ጉልበት የሚተላለፈው በዘይት ነው፤ አንዱ ማራገቢያ ሲዞር ፊት ለፊቱ ያለውን በንፋሱ እንደሚያዞረው ዓይነት ነው። ስለዚህ ትንሽ ጉልበትና ትንሽ ነዳጅ መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሯ በወረቀት 110 የፈረስ ጉልበት ናትና መነሻዋ ላይ ይታወቅሃል። ቁልቁለት ላይ ግን አትስጋ፤ እጀታውን ወደ ሁለት ስታወርደው ሞተሩ ይይዝልሃል፣ ፍሬን ላይ ብቻ አትንጠለጠልም።

እጀታውም መሪው ላይ እንደነበረ ይቀራል። ከአውቶማቲክ ኖቫ የወጣ የመሪ ኮሎን፣ መሪውንና እጀታውን የሚይዘውን ክፍል፣ አግኝቻለሁ፤ ቀለሙን ካስተካከልነው ከአሁኑ ብዙም አይለይም። ማርሽ ውስጥ እያለ ሞተሪኖው (የሞተሩ ማስነሻ) እንዳይነሳ የሚያደርገውን ስዊችም አብረን እንገጥማለን። እሱን ለአፍታም አልተወውም፤ የልጅ ልጆችህ በመኪናዋ ዙሪያ ነው የሚጫወቱት።

አሮጌው ካምቢዮ፣ ቮላኖው፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉ፣ ሁሉም ተጠርጎና ዘይት ተቀብቶ ጋራዥህ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን መልሱልኝ ካልክ በእነዚያው ብሎኖች ይመለሳል።

ከፋሲካ በኋላ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ካምቢዮውን አሳድሼ ይዤ እመጣለሁ። ወጪው የእኔ ነው፣ በዚህ አንከራከርም። አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ብሎኑን እየቆጠርክ ታቀብለኛለህ፤ መኪናዋ ሥር መግባት የለም።

እስከዚያው አንድ ነገር እይልኝ። ራዲያተሯ ላይ፣ ከታች ወይም ከጎን፣ ለዘይት ቱቦ የሚሆኑ ሁለት ትናንሽ መግቢያዎች አሉ? ከሌሉ ከራዲያተሩ ፊት የሚታሰር የዘይት ማቀዝቀዣ ገዝቼ እመጣለሁ። አውቶማቲክን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ማቀዝቀዣ ሳይኖራት አላስነዳህም። እጅህን እንዳያቃጥልህ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ እይ፣ በባትሪ። አይተህ እሁድ ስደውል ንገረኝ፤ እሺታህንም አብረህ።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ