ቤልፋስትን ያልሸሸው ጊታር

ክቡር አዘጋጅ፣

በባህል ገጻችሁ ስለ 1970ዎቹ የሃርድ ሮክ ጊታር ተጫዋቾችና ስለ መድረክ ዝግጅቶቻቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እነዚህ ሰዎች በአማርኛ እንዲህ በፍቅር የተጻፈ ነገር ማግኘት ብርቅ ነውና ጸሐፊውን ከልብ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድ ስም ፈልጌ አጣሁ። እሱም አየርላንዳዊው ጊታር ተጫዋች ሮሪ ጋላገር ነው። ዝም ማለት አልቻልኩም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

ስለ ዲፕ ፐርፕል ባንድ ጊታር ተጫዋች ስለ ሪቺ ብላክሞር የተጻፈው እውነት ነው። ዲፕ ፐርፕል በኦገስት 1972 ኦሳካና ቶኪዮ ውስጥ ሲጫወቱ የተቀዳውን አልበም እኔም ሸክላው እስኪጫጫር ሰምቼዋለሁ። ኤፕሪል 6 ቀን 1974 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በመኪና መወዳደሪያ ሜዳ በተዘጋጀው ታላቅ ኮንሰርት ላይ ብላክሞር የቴሌቪዥኑን ካሜራ በጊታሩ ሲወጋና የድምፅ ማጉያው በእሳት ሲጋይ ያየ ሰው አይረሳውም። የብላክ ሳባት ባንድ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚንም ማንሳታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። የበርሚንግሃሙ ወጣት ከፋብሪካው በሚሰናበትበት በመጨረሻው የሥራ ቀን ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ በመሆኑ የተጎዳው ክሩን የሚጫንበት ቀኝ እጁ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቆዳ አለበሳቸው፣ ቀጠን ያለ ክር ፈልጎ እንደገና ተነሣ። የብላክ ሳባት ድምፅ የወጣው ከእነዚያ ጣቶች ነው።

ጽሑፉ ግን ታላቅነትን የለካው በጣት ፍጥነት፣ በድምፅ ጉልበትና በተሸጠው ሸክላ ብዛት ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው ጊታሩን ይዞ የት ሄደ?

ለንደን የገባሁት በ1979 ነው። ትቻት የመጣሁት አዲስ አበባ ሌሊቷ በሰዓት እላፊ የተቆለፈ ከተማ ነበረች። ያን ጊዜ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ወይ በጊዜ ቤቱ ይገባል፣ ወይ ባንዱ ከሚጫወትበት ቤት ሳይወጣ እዚያው ያነጋል። ለንደን ውስጥ በተቀጠርኩበት ወጥ ቤት አብሮኝ ዕቃ የሚያጥብ አንድ የቤልፋስት ልጅ ነበር። ስለ ሰዓት እላፊው ስነግረው እጁን ከሳሙናው ውሃ አውጥቶ ትክ ብሎ አየኝና፣ «እንግዲያው ስለ ሮሪ ብነግርህ ይገባሃል» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ወዳጆች ነን፤ በተገናኘን ቁጥር ወሬያችን ይኸው ነው።

በጃንዋሪ 1974 ወዳጄ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን ሰሜን አየርላንድ በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች ግጭት ትታመስ ነበርና፣ የቤልፋስት መሀል ከተማ ሲመሽ ጭር ይላል። ቦምብ የየዕለት ዜና ነው፣ ወታደር በየመንገዱ ይፈትሻል። ከውጭ የሚመጡት ባንዶች አብዛኞቹ ከተማዋን ከጉዞ ፕሮግራማቸው ሰርዘዋታል። ጋላገር ግን በየዓመቱ ይመጣ ነበር። አብሮት ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጌሪ ማካቮይም የዚያው ከተማ ልጅ ነው። በዚያ ወር በቤልፋስቱ አዳራሽ በአልስተር ሆል፣ በደብሊንና በኮርክ ሲጫወት የተቀዳው በዚያው ዓመት በአልበም ወጥቷል። ከዘመኑ የመድረክ ቅጂዎች አንዱን ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው እሱን ነው።

ወዳጄ የሚያወራው ግን ስለ አልበሙ አይደለም። ከጎኑ ስለ ቆመ አንድ የማያውቀው ልጅ ነው። ሙዚቃው ሲግል ልጁ ትከሻውን ይዞ ይዘል ጀመር፤ እሱም የልጁን ትከሻ ያዘ፤ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሆኑ። አንዱ የሌላውን ስም አልጠየቀም፤ በዚያ ከተማ ስም ሃይማኖትን ያሳብቃልና። ሲያልቅ ላብ በላብ ሆነው ወደ ብርዱ ወጡ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ተጨባበጡ። ልጁ ወደ ሳንዲ ሮው ታጠፈ፣ ወዳጄ ወደ ፎልስ። ሳንዲ ሮው የፕሮቴስታንቶች፣ ፎልስ የካቶሊኮች ሰፈር ነውና፣ ማን ምን መሆኑን የተዋወቁት በዚያ መታጠፊያ ነው።

ይህ ጉዞ ለሙዚቀኞቹ ቀላል እንዳልነበረ ለማወቅ በዓመቱ የሆነውን ማየት ይበቃል። ጁላይ 31 ቀን 1975 ሌሊት ማያሚ ሾውባንድ የተባለው ባንድ ባንብሪጅ ላይ ተጫውቶ ወደ ደብሊን ሲመለስ፣ የወታደር ልብስ የለበሱ ታጣቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው ሦስት አባላቱን ገደሉ። ጋላገር ራሱ በልጅነቱ ሙያውን የጀመረው እንዲህ ባሉ የዳንስ ባንዶች ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላም ቤልፋስት መሄዱን አልተወም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ከወዳጄ ጋር ሄጄ በዓይኔ አየሁት። ለመድረኩ የቀረብን ነበርን። ባለ አራት ማዕዘን ጥለት የሠራተኛ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጭስ የለም፣ እሳት የለም። ዓይኔን የሳበው ጊታሩ ነው። በ1961 የተሠራ ፌንደር ስትራቶካስተር ሲሆን፣ በ1963 ኮርክ ከተማ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ መቶ ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ በዱቤ የገዛው ነው። አንድ ጊዜ ደብሊን ውስጥ ተሰርቆ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ተገኝቷል። ቀለሙ ከላዩ ተልጦ፣ ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ እንደ አሮጌ የእርሻ ዕቃ እጀታ እንጨቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ላቡ ነው የበላው ይባላል። ያንን እንጨት ሳይ የቆጠርኩት ምሽቶቹን ነው፤ ስንት ምሽት ቢጫወትበት ነው እንዲህ የሆነው?

ጋላገር በጁን 1995 በ47 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ። ጊታሩ በኦክቶበር 2024 ለጨረታ ሲቀርብ ከ880 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠ። የግል ሀብታም ሳሎን ውስጥ ይገባ ይሆን ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ የገዛው ድርጅት ግን ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም መስጠቱን ስሰማ አለቀስኩ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ቤልፋስት ውስጥ፣ አልስተር ሆል ባለበት መንገድ ላይ የነሐስ ሐውልት ቆመለት።

ስለዚህ ጸሐፊያችሁ ሁለተኛ ክፍል የሚጽፉ ከሆነ ለዚህ ሰው አንድ ሙሉ ገጽ እንዲሰጡት በትህትና እጠይቃለሁ። የአዲስ አበባን የሰዓት እላፊ ዘመን የሚያስታውሱ አንባቢዎቻችሁ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ሐውልቱ ከቆመ በኋላ ከወዳጄ ጋር ቤልፋስት ሄድን። አሁን ዱላ ይዞ ነው የሚራመደው። ሐውልቱ ሥር ፎቶ አነሣሁት፤ ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ማዕዘኑ ወሰደኝና በዱላው ጫፍ ጠቆመ። «እኔ በዚህ፣ እሱ በዚያ» አለኝ። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ሁለታችንም ወደ ሳንዲ ሮው በኩል እያየን ቆምን።

ከአክብሮት ጋር፣
የረጅም ጊዜ አንባቢያችሁ
ለንደን