የሞተ ዲስክ ስሙ ከሰርቨሩ አልወጣ ብሎ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ናችሁ? ሐዋሳ ታቦር አካባቢ አንድ ቢሮ ሰርቨር እጠብቃለሁ። ባለፈው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከ4ቱ ዲስክ አንዱ ሞተ፣ ነቅለን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፣ ኤልቪኤም (ሊኑክስ ላይ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ግን አሁንም አባሌ ነው ይላል፤ ፒቪኤስ (ዲስኮቹን የሚዘረዝር ትእዛዝ) ብዬ ሳይ በስሙ ቦታ አንኖውን (ያልታወቀ)፣ ከጎኑ ደግሞ ኤም የምትል ፊደል፣ ሚሲንግ፣ ማለትም የጠፋ ለማለት። ነገሩ እንደ ዕድር መዝገብ ነው፣ የቮልዩም ግሩፑ (የዲስኮቹ ማኅበር) ሜታዳታ፣ ማለትም መዝገቡ፣ በቀሩት ዲስኮችም ላይ ስለተጻፈ ሰውየው ቢሞትም ስሙ እየተጠራ መዋጮ ይጠየቃል።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ የጠራነው ባለሙያ ቡናውን እየጠጣ "ቪጂሪዱስ በሪሙቭሚሲንግ፣ እምቢ ካለህ ፎርስ ጨምርበት" አለኝ (የጠፋን ዲስክ ከመዝገቡ የሚያወጣ ትእዛዝ ነው፣ ፎርስ ደግሞ በግድ ማለት)። እምቢ የሚለው እኮ በምክንያት ነው! በዛ ዲስክ ላይ ቁራሽ ዳታ ያለው ሎጂካል ቮልዩም (ከዲስኮቹ ተቆርሶ እንደ አንድ ዲስክ የሚያገለግል ክፍል) ካለ ፎርስ ቮልዩሙን ሙሉውን ነው የሚያጠፋው፣ ግማሹ ደህና ዲስክ ላይ ቢሆንም አይምረውም። እኔ መጀመሪያ ኤልቪኤስ (ቮልዩሞቹን የሚዘረዝር ትእዛዝ) ብዬ የቱ ቮልዩም እዛ እንደነበረ አየሁ፣ ሚረር የነበረውን (ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ያለውን) በኤልቪኮንቨርት ሪፔር አደረግኩት፣ ማለትም ጠገንኩት፣ ከዛ ያለ ፎርስ ስሙ ወጣ፣ በቃ። (ገመድ ብቻ ላልቶ ዲስኩ ከተመለሰ ደግሞ ቪጂኤክስቴንድ በሪስቶርሚሲንግ ይመልሰዋል።) የድሮው ሜታዳታ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ኤልቪኤም አርካይቭ ላይ ይቀመጣል፣ ግን እሱ መዝገቡን እንጂ የጠፋ ፋይል አይመልስም፣ ባክአፕ አይደለም።

እንዲህ ያለውን ነገር አንዳንዴ በአማርኛ ብታወጡልን ምን አለ?

አንባቢያችሁ ከሐዋሳ