ስለ ምጣድና ስለ ፎርሙላ ዋን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ፎርሙላ ዋን የወጣችውን ጽሑፍ አነበብኳት። ጥሩ ነበረች። ግን መኪኖቹ አሁን ትልቅ ባትሪ ተሸክመው ነው የሚሮጡት የምትለው ቦታ ላይ ስደርስ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ትልቅ አይደለም እኮ! የሚገርመው ትንሽ መሆኑ ነው።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ከበዛ ወዲህ ጋራዥ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ባትሪው ስንት ይይዛል? በምን ያህል ፍጥነት ይቀበላል፣ በምን ያህል ፍጥነትስ ይሰጣል ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የእሽቅድምድም መኪና የሚሠሩትን እንቅልፍ የሚነሳቸው ግን ይሄ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ከርስ የሚባለው ነገር ፎርሙላ ዋን የገባው በ2009 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ፍሬን ሲያዝ ሙቀት ሆኖ ይባክን የነበረው ጉልበት ተጠራቅሞ፣ አሽከርካሪው ቁልፍ ሲጫን ተመልሶ ይወጣል። በአንድ ዙር የሚፈቀደው 400 ኪሎጁል ብቻ ነበር። ስንት ነው ይሄ? ቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይስባል እንበል። 400 ኪሎጁል ያንን ምጣድ ሁለት ደቂቃ እንኳ አያቆየውም፣ አንድ እንጀራ በቅጡ አይወጣበትም። ግን ያችኑ ትንሽ ጉልበት በ60 ኪሎዋት፣ ማለትም 17 ምጣድ ባንዴ እንደ መለኮስ አድርጎ፣ ሰባት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያወጣታል። በ2014 ኃይሉ ወደ 120 ኪሎዋት አደገ። የ2026 ደንብ ደግሞ 350 አድርሶታል። መቶ ምጣድ!

የዚያች ሰባት ሰከንድ ዋጋ የገባኝ የ2009ን የቤልጂየም ውድድር ሳይ ነው። ፊዚኬላ የሚባለው አሽከርካሪ በፎርስ ኢንዲያ ቡድን መኪና ይመራል፣ መኪናው የዛን ቀን በጣም ፈጣን ነበር። ሌላው አሽከርካሪ ራይኮነን በፌራሪ ከኋላው ነው። ዳገቱን ጨርሰው ረጅሙ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሲወጡ ራይኮነን ከርሱን ተጭኖ አለፈው፣ አለቀ። እስከ መጨረሻው ተከታትለው ሄደው በአንድ ሰከንድ እንኳ ሳይራራቁ ገቡ። እርግጥ ነው የዚያ ዓመት ዋንጫ ከርስ ያልነበረው ብራውን ጂፒ የሚባለው ቡድን ወሰደው። ዕቃው ክብደት ነበረው፣ ለሁሉም አልተመቸም።

እኔን የበለጠ የሚስበኝ ግን የፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር፣ ለ ማን ነው (ስሙ በአማርኛ ሲነበብ ጥያቄ ይመስላል፣ ምን ይደረግ)። እዚያ ጉልበትን በምን እናስቀምጥ የሚለው ነገር በአደባባይ ተፈትኗል። በ2012 ያሸነፈው አውዲ ባትሪ አልነበረውም። በአሽከርካሪው ጎን በደቂቃ እስከ 45 ሺህ ጊዜ የሚሽከረከር ፍላይዊል (በመሽከርከሩ ጉልበት የሚያጠራቅም መንኮራኩር) ነበር የተቀመጠው፣ አየር በሌለበት ሳጥን ውስጥ። ፍሬን ሲያዝ ይፈጥናል፣ ጉልበት ሲፈለግ ይዘገያል። ሰውየው እንዴት ልቡ ችሎ ከዚያ ጎን ቁጭ አለ እላለሁ አንዳንዴ። ቶዮታ ደግሞ ሱፐርካፓሲተር ይዞ መጣ። ባትሪ ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥ መካሄድ አለበት፣ ካፓሲተር ግን ቻርጁን ላዩ ላይ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይሰጣል፣ ብዙ ግን አይዝም። ፖርሸ በ2014 በሊቲየም ባትሪ ገባና ከ2015 እስከ 2017 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ። አውዲም ቶዮታም በ2016 የያዙትን ትተው ወደ ባትሪ ዞሩ።

በቃ ባትሪ አሸነፈ ስንል ደግሞ ኢንዲካር የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር በ2024 ሱፐርካፓሲተር ይዞ ብቅ አለ። ቶሎ ተቀብሎ ቶሎ የሚሰጥ ነገር ለሚፈልግ ሰው አሁንም ቦታ አለው ማለት ነው። (የመጀመሪያው ቀን ግን የአሽከርካሪው የስኮት ዲክሰን መኪና ውድድሩ ሳይጀመር ቆመ። አዲስ ዕቃ!)

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ለጋራዥ ሰዎች ነው። ቶሎ የሚሰጥ ነገር ለሰው እጅም ቶሎ ይሰጣል። በ2008 ከርስ ገና በሙከራ ላይ እያለ፣ ስፔን ውስጥ የቢኤምደብሊው ሳውበር ቡድን መካኒክ ከልምምድ የተመለሰውን መኪና ሲነካ ኤሌክትሪክ ይዞ ጣለው። ደግነቱ ተረፈ። አሁን የፎርሙላ ዋን መኪና ላይ መብራት አለ፤ አረንጓዴ ከሆነ መንካት ይቻላል፣ ቀይ ከሆነ አሽከርካሪው መኪናውንና መሬቱን እኩል ሳይነካ ዘሎ ነው የሚወርደው። እኛ ጋ የሚመጡት ሃይብሪዶች (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄዱት መኪኖች) ላይ እንዲህ ያለ መብራት የለም። ባትሪያቸው ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ሰው ይንቃቸዋል። ባለፈው ወር አንድ ልጅ ጓንት ሳያደርግ ብርቱካናማውን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ ሊፈታ ሲል እጁን ይዤ ነው ያስቆምኩት። «ጋሼ፣ ትንሽ ባትሪ እኮ ናት» አለኝ።

ስለ ምጣዱ ያኔ ነው የነገርኩት።

አንባቢያችሁ፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያን
አዲስ አበባ