ስሜን ሳይጠይቁ ያውቁኛል፦ ለግል ዳታ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የግል ዳታ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ድረ ገጽ መሥራት መተዳደሪያዬ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት እንደ ተበዳይ ብቻ ሳይሆን እንደ በዳይም ነውና፣ አንዳንዱን ነገር ስናገር ራሴንም እየከሰስኩ መሆኔን አስቀድመው ይወቁልኝ።

ሰሞኑን ስሙን በማልጠቅሰው የአንድ የሕዝብ ተቋም ድረ ገጽ ላይ ስለ አንድ በሽታ ሳነብ፣ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች ዓረፍተ ነገር ዓይኔን ያዘችው። «አካውንት ከፍተው ካልገቡ በስተቀር ማንነትዎን የሚገልጽ መረጃ አንሰበስብም» ትላለች። የሙያ ልማድ ሆኖብኝ፣ ብሮውዘሩ (ድረ ገጽ የሚከፈትበት ፕሮግራም) ከማን ጋር እንደሚነጋገር የሚያሳየውን መስኮት ከፍቼ ገጹን እንደገና ጫንኩት። ከዚያ እጄን ከማውሱ ላይ አንስቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ምንም አልነካሁም፤ አንድ ፊደል አልጻፍኩም። ጥቂት ሰከንዶች ሳይሞሉ ብሮውዘሬ ከተቋሙ ሰርቨር (ገጹን ከሚያቀርበው ኮምፒውተር) ሌላ ከደርዘን በላይ ወደሆኑ አድራሻዎች መልእክት ልኮ ጨርሷል። አንዱን ገልጬ ሳየው የስክሪኔ ስፋትና ቁመት፣ የሰዓት ቀጠናዬ፣ የቋንቋ ምርጫዬና የማነበው ገጽ ሙሉ አድራሻ ተደርድሮበታል። በገጹ አድራሻ ውስጥ ደግሞ የበሽታው ስም አለ።

የኔ ስም አልነበረበትም። በዚህ በኩል ዓረፍተ ነገሯ አልዋሸችም። የምጽፍልዎትም ለዚሁ ነው፤ ምክንያቱም «ማንነት» ሲባል ስም፣ ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል ብቻ የሚታየን ከሆነ እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ እንደ ንጹሕ ያልፋል። የሚከታተል ሰው ስም አያስፈልገውም። የዛሬው ጎብኚ የትናንቱ ጎብኚ መሆኑን ማወቅ ይበቃዋል።

ድሮ ይህ የሚታወቀው በኩኪ ነበር። ኩኪን እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኔትስኬፕ የተባለው የብሮውዘር ድርጅት መሐንዲስ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ሲያበጀው ድረ ገጽ ጎብኚውን እንዲያስታውስ የምትረዳ ትንሽ ማስታወሻ ነበረች፤ ክፋት አልነበረባትም። ማስታወሻዋ የምትቀመጠው በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ካልፈለጉ ይሰርዟታል። ሰዎች መሰረዝ ሲያበዙ ግን ሌላ መንገድ ተገኘ፤ ምንም ነገር ሳያስቀምጡ መሣሪያውን ራሱን ማንበብ። ባለሙያዎች የመሣሪያ አሻራ ይሉታል።

አሠራሩን አንድ ጊዜ በቅርበት ቢያዩት ደስ ይለኛል። ገጹ ብሮውዘርዎን «ይህን ዓረፍተ ነገር በዚህ ፎንት፣ በዚህ ቀለም ሣልልኝ» ብሎ ያዝዘዋል። ብሮውዘሩ በታዛዥነት ይሥላል፤ ነገር ግን የሚሥለው በማይታይ ሰሌዳ ላይ ነው፣ እርስዎ አያዩትም። የፊደላቱ ጠርዝ የሚለሰልስበት መንገድ እንደ ግራፊክስ ካርዱና እንደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በጥቂቱ ይለያያል፤ ለዓይን የማይታይ፣ ለሒሳብ ግን ግልጽ የሆነ ልዩነት። ገጹ የሥዕሉን ነጥቦች አንብቦ ወደ አንድ አጭር ቁጥር ይለውጣቸውና ይልካል። ነገ ሲመለሱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደገና ያስለዋል፤ ያው ቁጥር ይወጣል። በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ይህ እንደሚቻል ያሳዩት በ2012 ነበር። በ2014 የፕሪንስተንና የሉቨን ተመራማሪዎች በብዛት የሚጎበኙ 100,000 ድረ ገጾችን ሲፈትሹ ከ5 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ሥራ ላይ ውሎ አገኙት። ከወረቀት ወደ ገበያ ለመግባት ሁለት ዓመት በቃው ማለት ነው።

በዚህ ቁጥር ላይ የተጫኑት ፎንቶች ዝርዝር፣ የስክሪኑ መጠን፣ የሰዓት ቀጠናውና የብሮውዘሩ ዓይነት ይደመራሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ማንንም አያጋልጥም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሒሳቡ ያስደነግጣል፤ በዓለም ካለው ከ8 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ አንዱን ነጥሎ ለማውጣት፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ሕዝቡን እኩል ለሁለት የሚከፍል ከሆነ፣ 33 የ«አዎ» ወይም «አይደለም» መልሶች ይበቃሉ። በ2010 ፒተር ኤከርስሊ ለኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን፣ በኢንተርኔት ላይ ለሰዎች መብት ለሚሟገተው ድርጅት፣ ባደረገው ጥናት ወደ 470,000 የሚጠጉ ብሮውዘሮች ተፈትሸው 83.6 በመቶዎቹ አምሳያ አልተገኘላቸውም።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብርቅ የሆነ ሁሉ ይጠቁማልና፣ በቋንቋ ምርጫው አማርኛን ከፊት ያስቀመጠ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ሦስት የግዕዝ ፎንት የጫነ ሰው በዓለም አቀፉ ሕዝብ መሐል ቀይ ጃንጥላ እንደ ዘረጋ ነው። በገዛ ቋንቋችን ማንበባችን ራሱ መታወቂያ ይሆንብናል።

እውነቱን ላለማጣመም ተቃራኒውንም ልናገር። በ2018 የወጣ አንድ የፈረንሳይ ጥናት ከ2 ሚሊዮን በላይ አሻራዎች ሰብስቦ አምሳያ የሌላቸው 33.6 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ በስልኮች ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የማስታወቂያ ሰዎች ይህን ጠቅሰው «ተጋንኗል» ይላሉ። እኔ ግን ከመቶ ሠላሳ ሦስት ሰው ያለፈቃዱ ተለይቶ የሚታወቅበትን ነገር ትንሽ ማለት አይሆንልኝም። ደግሞስ አሻራው ብቻውን መች ይሠራል? የአይፒ አድራሻው፣ ማለትም መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ አለ፤ የሚገቡበት ሰዓት አለ፣ የሚያነቡት ነገር አለ።

ከሁሉ የሚከፋው ስም በኋላ መምጣቱ ነው። ለወራት ስም የለሽ ሆኖ የተጠራቀመ መዝገብ፣ አንድ ቀን ባለቤቱ የሆነ ቅጽ ላይ ኢሜይሉን ሲጽፍ ባለስም ይሆናል፤ የፊቱ ብቻ ሳይሆን የኋላውም ጭምር። «ላክ» የሚለውን መጫን እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። በ2022 ይፋ የሆነ ጥናት 100,000 ድረ ገጾችን ፈትሾ፣ ከአውሮፓ ሲጎበኙ በ1,844ቱ፣ ከአሜሪካ ሲጎበኙ በ2,950ዎቹ ላይ፣ ቅጹ ሳይላክ ገና ሲጻፍ ኢሜይሉ ጎብኚን ለሚከታተሉ ድርጅቶች ሲተላለፍ አግኝቷል። ጽፈው፣ ሐሳብዎን ለውጠው፣ አጥፍተው ቢወጡ እንኳ ኢሜይልዎ ሄዷል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ «ስንት ሰው እንደሚጎበኘን ማወቅ እፈልጋለሁ» አለኝ። ጥያቄው ነውር የለበትም። በነጻ የሚሰጥ አንድ መስመር ኮድ ገልብጬ ገጹ ላይ ለጠፍኩለት፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያቺ መስመር አንድ ስክሪፕት (ገጹ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ትጠራለች፣ የተጠራው ሌላውን ይጠራል፣ ሌላውም ሌላውን። ደንበኛዬ የሚያየው የጎብኚ ቁጥር ነበር። የኮዱ ባለቤት ግን ያው ጎብኚ ኮዱ በተለጠፈባቸው ሌሎች ገጾች ሁሉ የት እንደዋለ ያያል። ነጻ የሆነው ለዚህ ነው። እኔም አውቄ ነው የለጠፍኩት፤ ወይም ልወቅ ብዬ አልጠየቅሁም፣ ሁለቱ ብዙም አይራራቁም።

ክቡር ሆይ፣ ሌሎች ይህን በሕግ አስበውበታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ያወጣው መመሪያ ከተጠቃሚው መሣሪያ ላይ መረጃ ማንበብን ይመለከታል እንጂ ስም አለበት ወይስ የለበትም ብሎ አይጠይቅም። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2016 በየጊዜው የሚቀያየር የአይፒ አድራሻም የግል ዳታ ሊሆን እንደሚችል ወሰነ፤ በ2019 ደግሞ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ፈቃድ አይባልም አለ። ሕጉ ሁሉን አልፈታም፤ «ሁሉንም ተቀበል» የሚለው ቁልፍ በደማቅ ቀለም ሲንቦገቦግ «አልቀበልም» የሚለው ሦስት ገጽ ዘልቀው የሚፈልጉት ሆኖ ቀርቷል። በራሳቸው በጎ ፈቃድ ይተውት ብንል ደግሞ ጎግልን እንይ። በ2019 የመሣሪያ አሻራ የተጠቃሚውን ምርጫ የሚሽር ስሕተት ነው ብሎ ነበር፤ ከየካቲት 2025 ጀምሮ ግን በማስታወቂያ አገልግሎቶቹ የሚጠቀሙ ድርጅቶች ላይ የነበረውን ገደብ አላላው። የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽን ውሳኔውን ኃላፊነት የጎደለው ብሎታል።

ከመሥሪያ ቤትዎ የምጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም፤ ያለው እንዴት እንደሚነበብ ቁርጥ ያለ መመሪያ ነው። አንድን ሰው ከሌላው ለይቶ ለመከተል የሚያገለግል ማንኛውም የመሣሪያ መረጃ፣ አካውንት ኖረም አልኖረም፣ የግል ዳታ ነው ይበሉልን። ማጭበርበርን ለመከላከል መሣሪያን የሚለዩ ባንኮች አሉ፤ ለዚያ ይፈቀድላቸው፣ ለሌላ ነገር ግን አያውሉት። የቁጥጥሩ መጀመሪያም የሕዝብ ተቋማት ገጾች ይሁኑ። ዜጋ ማስታወቂያ የሚሸጥለትን ገጽ መተው ይችላል፤ የሕዝብ ተቋምን ገጽ ግን የት ሄዶ ይተካዋል? የጎብኚ ብዛት ከሆነ የሚፈለገው፣ የተቋሙ የራሱ ሰርቨር ይመዘግበዋል፤ የውጭ ሰው ቤት ማስገባት አያስፈልግም።

«አንሰበስብም» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮችንም ይፈትሹልን። ለዚህ ላቦራቶሪ አያሻም፤ አንድ ሰው፣ አንድ ኮምፒውተርና እኔ ያደረግሁት ዓይነት ትዕግሥት ይበቃል። ቢፈቅዱልኝ ኮምፒውተሬን ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ። ገጾቹን እርስዎ ይመርጣሉ፣ እኔ እከፍታለሁ፣ ከዚያ ማንም ምንም ሳይነካ አብረን እናያለን። ከግማሽ ሰዓት በላይ አልወስድብዎትም።

የደንበኛዬን ገጽ በተመለከተ፣ ያቺን መስመር ባለፈው ሳምንት አንስቻታለሁ። የጎብኚዎቹን ቁጥር ከራሱ ሰርቨር መዝገብ እያወጣሁ እልክለታለሁ። እስካሁን ልዩነቱን አላስተዋለም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ድረ ገጽ ሠሪ