ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፦ ለሠራተኛው ልጅ የማታ የትወና ትምህርት ክፈቱለት

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አሜሪካዊ ተዋናይ ነው፤ ጉዳዩ ግን የዚችው የባሕር ዳር ጉዳይ ነው። ልመናዬን አስቀድሜ ልናገር። ቀን ሠርተው ለሚያድሩ የከተማችን ወጣቶች በመንግሥት ወጪ የማታ የትወና ትምህርት ይከፈትላቸው።

ተዋናዩ ቻርለስ ብሮንሰን ነው። በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ ሰው ስሙን ባያስታውስ እንኳ ፊቱን አይረሳውም። የተሸበሸበ ግንባር፣ ጠበብ ያሉ ዓይኖች፣ ወደ ታች የወረደ ሪዝ። ብዙ አያወራም። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ስናየው እንግሊዝኛውን የሚሰማ ከመሃላችን እምብዛም አልነበረም። ቢሆንም ዝም ብሎ ሲያይ ምን እንዳሰበ ይገባን ነበር። «አክተሩ እሱ ነው» ከተባለ አለቀ፣ ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም።

ያ ፊት የመጣው ከድካም ነው። ብሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1921 በፔንስልቬንያ ግዛት፣ ኧረንፌልድ በምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር ተወለደ። የቤተሰቡ ስም ቡቺንስኪ ነው። ከ15 ልጆች 11ኛው ነበር። አባቱ ከሊትዌንያ የተሰደዱ የከሰል ቆፋሪ ናቸው፤ ልጅ ሳለ ሞቱበት። እሱም በጉርምስናው እዚያው ጉድጓድ ገባ። ክፍያው በቶን አንድ ዶላር ነበር። ወደ አሥር ኩንታል የሚጠጋ ከሰል ከመሬት ሥር ፈልፍሎ አንድ ዶላር ማለት ነው። ከድህነት ብዛት የእህቱን ቀሚስ ለብሶ ትምህርት ቤት የሄደበት ጊዜ እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ጦር ኃይሉን ተቀላቀለ። በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ተኳሽ ሆኖ 25 ጊዜ ግዳጅ ወጣ፤ በመቁሰሉም ሜዳልያ ተሸለመ።

እናንተ እንድታዩልኝ የምፈልገው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1944 አንድ ሕግ አወጣ። ከግዳጅ የተመለሰ ወታደር ልማር ካለ ወጪውን መንግሥት ይችላል። ብሮንሰን በዚህ ዕድል ሥዕል ተማረ። ፊላደልፊያ ውስጥ ከአንድ የቴአትር ቡድን ጋር ሠራ፤ ከዚያ ካሊፎርኒያ ሄዶ ፓሳዴና ፕሌይሃውስ በሚባለው ትምህርት ቤት ትወና ተማረ። ሕጉ «ከሰል ቆፋሪ ጥበብ ምን ይሠራለታል» አላለም። የመጀመሪያው በር የተከፈተለት በሕዝብ ገንዘብ ነው።

ዝናው ቶሎ አልመጣም። ለዓመታት ትንንሽ ሚና ነበር የሚሰጠው። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ መሪ ሚና ተጫወተ። በ1963 ደግሞ «ዘ ግሬት ኢስኬፕ» የተባለው ፊልም መጣ። ከጀርመን የምርኮኞች ካምፕ ዋሻ ቆፍረው ሊያመልጡ የሚሞክሩ ሰዎች ታሪክ ነው። የብሮንሰን ሚና ዋና ቆፋሪው ነው፤ ጠባብ ቦታ ግን ያስፈራዋል። እስኪ ደግማችሁ እዩት። በክርኑ እየተሳበ ሲገባ፣ አፈሩን ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ጣሪያው ሲንድበት ትንፋሹ ሲያጥረው። ያንን ያስተማረው የፊልም ዳይሬክተር አይመስለኝም። ትከሻው ራሱ ያውቀዋል።

በ1974 «ዴዝ ዊሽ» የተባለው የበቀል ፊልም ሲወጣ 52 ዓመቱ ነበር፤ በአገሩ የናኘው ያኔ ነው። የኋለኞቹን የበቀል ፊልሞቹን እኔ በግሌ ብዙም አልወዳቸውም፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነውብኛል። ፊቱ ግን እስከ መጨረሻው አልዋሸም። በ2003 በ81 ዓመቱ አረፈ።

አሁን ወደ እኛ ከተማ ልመለስ።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ታና ዳር ውረዱ። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ሲደርሱ ቆማችሁ ተመልከቱ። ቀዛፊው ጭነቱን ያራግፋል። ከዚያ ውኃ የጠጣውን የደንገል ታንኳ ጎትቶ ያወጣና እንዲደርቅ ያቆመዋል። እጁን፣ አንገቱን፣ ፀሐይ ያከሰለውን ጉንጩን እዩ። መናኸሪያ ሂዱና ጫኝና አውራጆቹን እዩ። ዓሣ የሚያወጡትን፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚገፍፉትን እዩ። እነዚህ ፊቶች በድራማዎቻችን ውስጥ የት አሉ? ብዙው ድራማ ሶፋ ያለበት ሳሎን ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። የገጠር ሰው ሚና ሲመጣ ለከተማ ልጅ ጋቢ አልብሶ ዱላ ማስያዝ ተለምዷል። የጎጃም አነጋገር የሚፈለገው በአብዛኛው ለማሳቂያ ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ሰው የእናቱን አነጋገር በቴሌቪዥን ሲሰማ ማፈር የለበትም።

የማውቀው አንድ ልጅ አለ፤ ጫኝና አውራጅ ነው። ከሥራ መልስ፣ የሲሚንቶው ብናኝ ከቅንድቡ ሳይለቅ፣ ለጓደኞቹ አንድ ሽማግሌ ዳኝነት ሲቀመጡ አስመስሎ ሲተውን አይቻለሁ። መጀመሪያ ተሳሳቁ። ቆየት ብለው ዝም አሉ። ይህ ልጅ ትወና ልማር ብሎ ጠይቆ ነበር። ትምህርቱ ቀን ነው፣ ክፍያም አለው ተባለ። ቀን ካልሠራ ማታ አይበላም። በዚሁ ቀረ።

ከተማችን ድሃ አይደለችም። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፤ መድረክ ላይ የኖሩ ባለሙያዎች አሉን። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ ነው፤ ሠልጣኞቹ ነገ ካሜራ ፊት መቆሚያ አያጡም። ትርኢት በሌለበት ምሽት አዳራሹን ክፈቱላቸው። በሳምንት ሁለት ምሽት ቢሆን እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ጊዜው ለምሽት እንቅስቃሴ የማይመች ከሆነ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ይሁን። መግቢያው የ12ኛ ክፍል ውጤት አይሁን፤ ኑ፣ ተውኑና አሳዩን በሏቸው። አስተማሪዎቹ ደግሞ በነፃ አይልፉ፤ ተገቢ ክፍያ ይመደብላቸው። ሴቶቹን አደራ። ቡና የሚያፈሉ፣ ጉልት የሚቸረችሩ፣ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ ባለ ተሰጥኦ አሉ። ካመሹ መመለሻ ባጃጅ ካልታሰበላቸው ቤተሰብም አይለቃቸው፣ እነሱም አይደፍሩም።

በዚህ ሁሉ ችግር መሃል የምን ትወና ነው የሚል ይኖራል። አይፈረድበትም፤ ክልላችን ያለበትን እኛም እየኖርንበት ነው። ግን ያ የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1944 እንደሆነ ልብ በሉልኝ። ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር። ሰው እየሞተ፣ ገንዘቡ ወደ ጦር ሜዳ እየፈሰሰ፣ የሚመለሱት ልጆች ምን ይማሩ ብለው ተቀመጡ። እኛም ዛሬ ካላቀድን ነገ ልጆቹ ሲመጡ የምንሰጣቸው ባዶ እጅ ነው።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዳችሁ ከመጽደቁ በፊት ይህን ሐሳብ እንድትወያዩበት እጠይቃለሁ። የሚቻል ከሆነ ከመቼ ጀምሮ፣ የማይቻል ከሆነም በምን ምክንያት እንደሆነ በሬዲዮ አሳውቁን። ጫኝና አውራጆቹም ቀዛፊዎቹም ሬዲዮ ይሰማሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ